ሙሸበክ በጋዜጣ

ሁለት ቀን ሰጠኝ መሥሪያ ቤት፣ ለሒሳብ ሥልጠና ጉዳይ፤
ቀን ቀን አዳራሽ ተቀምጬ፣ የማራገቢያ ዙር ሳይ፣
ማታ ግን ጅማ የኔ ናት፤ ከሆዴ ጋር አደባባይ።

የበላሁትን ልዘርዝር፣ ውሎ አበሌ ይመስክር፦
መጀመሪያ መርቃ ነው፣ ከአጂፕ ወረድ ብሎ፣ ከጠባብ በር፤
የገብስ ገንፎ፣ ክብ ግንብ፣ መሐሉ የቅቤ ባሕር።
ቸኩዬ ግንቡን በማንኪያ ከሥሩ ብንደው፣
ቅቤው እንደ አዌቱ ክረምት እጅጌዬን አጥለቀለቀው።
«ከአጥሩ እየቆረስሽ እንጂ!» አለች ሰዓዳ ከማድቤቷ፤
ጨርቅ አቀበለችኝና ሳቀች፣ እስኪያማት አንጀቷ።

በማግስቱ ሸምሰዲን፣ ባለባጃጁ ጎረምሳ፣
«ማር ያልቀመሰ አልመጣም» ብሎ ባጃጁን አስነሳ፤
ሂርማታ፣ አወል የሚሉት ማር ሻጭ በስንጥር ጫፍ ጠብ አደረገ፣
አንዱ የገተም አበባ፣ ነጭ፣ እንደ ቅባት የረጋ፤
ሌላው የብሳና፣ ጥቁር፣ ጣፍጦ ጣፍጦ ኋላ የሚመር፣
«በሁለተኛው ልሰት ነው» አለ አወል፣ «ጣዕሙ የሚጀምር።»
ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ከዚያ አቮካዶ፣ ማንኪያ የሚያቆም፣
ቪምቶ እንደ ቀለም የተንጠባጠበበት። ሆዴ አልጠገበም፤
ወይም እኔ ነኝ ያልኩት እንጂ፣ ሆዴስ ጠግቦ ነበር በጣም።

ሌላ ነገር ነበር የምፈልገው።

አባቴ የኤንትሬ ሹፌር ነበር፤ በወር አንዴ ጅማ ይወርዳል፤
ደብረ ብርሃን የሚመለሰው ሌሊት ነው፤ ብርዱ ድንጋይ ይሰነጥቃል።
እኔና ወንድሜ ዋሲሁን፣ ከብርድ ልብስ ሾልከን ወጥተን፣
ከጋቢናው ወንበር ሥር የተጠቀለለውን ጎትተን፣
ሙሸበክ!
የደረቀ፣ የቀዘቀዘ፣ ሽሮፑ እንደ ሙጫ የያዘ፣
የጋዜጣው የኳስ ውጤት ጀርባው ላይ የተላዘዘ፣
ፊደሉ ተገልብጦ፣ ቁጥሩ ተገልብጦ።
ዋሲሁን እያገላበጠ «ማን አሸነፈ?» ይለኛል፤
ሳልመልስለት፣ ውጤቱን ልሶ ይጨርሰዋል።

እነሆ መርካቶ ጥግ፣ ዘሃራ ከሚንጣጣ ዘይት
አውጥታ፣ ሽሮፕ ነክራ ሰጠችኝ፤ ቀይ፣ ትኩስ እንደ እሳት።
ነከስኩት፤ ቀጭ አለ፤ ስኳሩ ወረደ እስከ ክርኔ፤
ጥርሴን ደስ አለው፣ ምላሴንም፤ ቅር ያለኝ እኔ፣ ብቻ እኔ።
«ይሄ ሙሸበክ አይደለም» አልኩ፤ አመለጠኝ።
ጭልፋዋን አስቀመጠች። «ሃያ ዓመት ጠብሻለሁ፤ አንቺ ምን ልትነግሪኝ?»
ነገርኳት። ስለ ኤንትሬው፣ ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ኳሱ።
ዝም አለች። ከዚያ «ረድዋን!» አለች፣ «ጋዜጣ ፈልግ፣ ተነሣ እሱ!»

«ማን ጋዜጣ ያነባል እማ? ሁሉም ስልክ ነው» አለ ረድዋን፤
ጎረቤት ዞሮ ባዶ እጁን መጣ፤ ገነጠለ የሒሳብ ደብተሩን።
(ደስ ሳይለው አልቀረም፤ ገጹ በቀይ ብዕር ቆስሎ ነበር።)

ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ፣ ግቤን ተሻግሬ፣ ጭኔ ላይ ይዤው ሳልነካው፤
አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ «ምንድነው የሚሸተው?» ሲሉ፣
«ሒሳብ ነው» አልኳቸው፤ ምን ይበሉ?

ደብረ ብርሃን ስደርስ መሽቷል። ዋሲሁን በር ላይ ቆሟል፤
ሸብቷል። አሁን የስኳር ኪኒን ይውጣል።
«ትንሽ ብቻ» አልኩት።
ወረቀቱን ፈታን፦ ደርቋል፣ ቀዝቅዟል፣ ተጣብቋል፤
ጀርባው ላይ ሰማያዊ ቁጥር፣ አርባ ስምንት ሲካፈል ለስድስት፣
ተገልብጦ፣
ከጎኑ የመምህሩ ቀይ ምልክት።
ዋሲሁን ጫፉን ቆረሰ፤ ጉንጩ ውስጥ ይዞት ቆይቶ፣
ቁጥሩን ሊያይ አንገቱን አጣሞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ማን አሸነፈ?» አለኝ።